ሕግ ያልደረሰበት መድረክ፦ የሙዚቃ ፌስቲቫልና ቋንቋ በካናዳ

በኩቤክ ከተማ የአብርሃም ሜዳ የሚባል ሰፊ መስክ አለ። በ1759 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የእንግሊዝ ጦር የፈረንሳይን ጦር ድል የነሣው በዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዕጣም ከዚያ ቀን በኋላ ተቀየረ። ዛሬ በየዓመቱ በጁላይ ወር የኩቤክ የበጋ ፌስቲቫል ዋና መድረኩን የሚተክለው እዚያው ነው። በ2015 የእንግሊዙ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ ሊዘፍኑ ሲመጡ መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ከከተማዋ ነዋሪ ከአሥሩ ከዘጠኙ በላይ አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ መሆኑን ልብ ይሏል።

ካናዳ በ1969 ባወጣችው የመንግሥት ቋንቋዎች ሕግ እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን እኩል አድርጋለች። ስለ ፌስቲቫሎቿ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም፤ ሁለቱ ሕዝቦች በሙዚቃ ይገናኛሉ፣ ይቀራረባሉ ይባላል። ለቱሪስት መጽሔት ይበቃ ይሆናል፤ በሜዳው ላይ የሚሆነውን ግን አያስረዳም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሌላ ነው። በፌስቲቫል መድረክ ላይ የሚሰማውን ቋንቋ የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን ቋንቋው በዚያ ስፍራ ያለው ጉልበት ነው። በቤቱ ብዙኃን የሆነ ቋንቋ መድረኩን ለእንግዳ ቢለቅ የሚቀርበት ነገር የለም። አናሳ የሆነው ግን ፌስቲቫሉን ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ይሠሩት ለነበረው ሥራ ያውለዋል።

የኩቤክ ክፍለ ሀገር በ1977 ባወጣው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር የሱቅ ማስታወቂያን፣ የሥራ ቦታንና ትምህርት ቤትን በደንብ ይዟል። ሬዲዮም አልቀረም፤ በፌዴራሉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት በፈረንሳይኛ የሚሠራ የንግድ ጣቢያ በሳምንት ከሚያሰማቸው ተወዳጅ ዘፈኖች 65 በመቶው ፈረንሳይኛ መሆን አለባቸው። ሜዳ ላይ በተተከለ መድረክ እገሌ በዚህ ቋንቋ ይዝፈን የሚል ሕግ ግን የለም። በመሆኑም ለተመራማሪ ፌስቲቫሉ ጥሩ መስኮት ነው፤ ግዴታ ሲነሣ አድማጩ ምን እንደሚመርጥ፣ ገንዘብ ያለው አካልም ምን እንደሚገዛ ይታይበታል።

የገንዘቡ ነገር ቸል አይባልም። የበጋው ፌስቲቫል በ1968 ሲጀመር የከተማዋ ነጋዴዎችና አርቲስቶች ያሰናዱት የሰፈር ደስታ ነበር። ሜዳው ሲሞላ ስፖንሰር መጣ፤ ስፖንሰር የሚከፍለው በተሰብሳቢው ብዛት ነው፤ ብዛት የሚያመጡት ደግሞ በየአህጉሩ እየዞሩ የሚጫወቱት የእንግሊዝኛ ባንዶች ናቸው። የፈረንሳይኛ ዘፋኞች ዋናውን መድረክ የሚያገኙበት ምሽት አለ፤ በአብዛኛው ግን ድርሻቸው አነስ ያሉት መድረኮች ናቸው። አንድ ጊዜ ፌስቲቫሎችን ይደጉም የነበረው ሲጋራ እንደነበር ዛሬ ብዙ ሰው ረስቶታል። ዱ ሞሪዬ የተባለው ምርት ስሙን በአገሪቱ የጃዝ ፌስቲቫሎች ላይ ለጥፎ ኖሯል። የፌዴራሉ የትምባሆ ሕግ በ2003 ይህን ዓይነቱን ስፖንሰርነት ሙሉ በሙሉ ሲዘጋው አዘጋጆች ወደ ባንክና ወደ ቴሌኮም ኩባንያዎች ፊታቸውን አዞሩ። ጤናን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ የፌስቲቫሎችን ኪስ የነካውን ያህል የቋንቋ ሕግ ነክቷቸው አያውቅም።

ሞንትሪያል ችግሩን በብልሃት አለፈችው። በ1980 የጀመረው ዓለም አቀፍ የጃዝ ፌስቲቫሏ የቆመው በአብዛኛው በመሣሪያ ሙዚቃ ላይ ነው። ሳክስፎን ተርጓሚ ስለማይሻ ፈረንሳይኛ ተናጋሪውም እንግሊዝኛ ተናጋሪውም በአንድ ጎዳና ላይ በነፃ ቆሞ ያዳምጣል። ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። የጃዙ ፌስቲቫል መሥራች አላን ሲማር ከጊ ላትራቨርስ ጋር ሆኖ በ1989 ፍራንኮፎሊን መሠረተ፤ ከፈረንሳይዋ ላ ሮሼል የተቀዳ፣ ለፈረንሳይኛ ዘፈን ብቻ የተለየ ፌስቲቫል ነው። በእኔ ግምት ስለ ካናዳ የቋንቋ ሁኔታ ይህ ውሳኔ ከብዙ የመንግሥት ሪፖርት የበለጠ ይናገራል። ሁሉን አቀፍ የሆነውን መድረክ የሠሩት ሰዎች፣ እሱ ብቻውን ፈረንሳይኛን እንደማይሸከም ቀድመው ያወቁ ይመስላል።

ጁን 24 የሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ቀን፣ የኩቤክ ብሔራዊ በዓል፣ ሲመጣ ደግሞ ለእንግሊዝኛ ያለው ትዕግሥት ያልቃል። በ2009 በሞንትሪያል በተሰናዳ አንድ የበዓል ዝግጅት ላይ በእንግሊዝኛ የሚዘፍኑ ሁለት የከተማዋ ቡድኖች ተጋብዘው ነበር። ከተባባሪ አዘጋጆች ግፊት መጣና ስማቸው ተሰረዘ፤ ሕዝብ ሲቆጣ ተመልሰው ገቡና ዘፈኑ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፖል ማካርትኒ በአብርሃም ሜዳ ለከተማዋ 400ኛ ዓመት ሲዘፍን ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሰው ወጥቶ ነበር፤ ጥቂት የኩቤክ ነፃነት አቀንቃኞች በደብዳቤ ከመቃወማቸው በቀር ማንም አላስቆመውም። የሊቨርፑሉ እንግዳ ያልከበደ፣ የሰፈር ልጅ ከበደ። እንግዳ ዘፍኖ ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን በበዓሉ ላይ ድርሻ አለኝ ማለቱ ነው።

ከኩቤክ ወደ ምዕራብ ስንርቅ ነገሩ ይገለበጣል። ማኒቶባ የተባለችው ክፍለ ሀገር በ1890 እንግሊዝኛን ብቸኛው የምክር ቤትና የፍርድ ቤት ቋንቋ አደረገች፤ በ1916 ደግሞ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤቶችን ዘጋች። ፈረንሳይኛው በዋና ከተማዋ በዊኒፔግ ከወንዙ ማዶ፣ ሴንት ቦኒፌስ በሚባለው ሰፈር፣ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ተወስኖ ቆየ። በ1970 የሰፈሩ ሰዎች በፌብሩዋሪ ብርድ የቮያዠር ፌስቲቫልን ጀመሩ፤ ቮያዠር በታንኳ እየቀዘፈ የእንስሳ ቆዳ ይነግድ የነበረው የጥንት ሰው ነው። ጎብኚው ቀስት መሰል ጥለት ያለው ቀይ መቀነት ታጥቆ ይመጣል። በእንጨት አጥር በተከበበው ምሽግ ውስጥ ቫዮሊን ይመታል፣ ሁለት ማንኪያ ጭን ላይ እየተጋጨ ምት ይይዛል። የፈላ የሜፕል ሽሮፕ ንጹሕ በረዶ ላይ ይፈስና ሳይደርቅ በእንጨት ተጠቅልሎ ይበላል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገረው የዊኒፔግ ሰውም በብዛት ይመጣል፤ ሰላምታውን ግን በፈረንሳይኛ ይሞክራል።

የፌስቲቫሉ የመጀመሪያው «ቮያዠር»፣ ማለትም በዓሉን ወክሎ እንዲዞር የተሾመው ሰው፣ ዦርዥ ፎሬ የተባለ የሰፈሩ ነጋዴ ነበር። ይኸው ሰው በ1970ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ደረሰው። አልከፍልም አለና ከሰሰ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ቆይቶ በዲሴምበር 1979 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1890ው ሕግ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ሲል ወሰነ። በዚያው ዕለት ፍርድ ቤቱ የኩቤክ ቻርተር ፈረንሳይኛን ብቸኛ የሕግ ማውጫ ቋንቋ ያደረገበትን ክፍልም ሽሯል። ፌስቲቫሉ ክሱን አመጣው ለማለት አልደፍርም። መቀነቱን በአደባባይ መታጠቅን ያስለመደው በዓልና ቅጣቱን በአደባባይ የተሟገተው ሰው ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ወገን መውጣታቸው ግን አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

በስተምሥራቅ ኒው ብራንስዊክ ከካናዳ ክፍላተ ሀገር በሕገ መንግሥት ሁለት ቋንቋ ያላት ብቸኛዋ ናት። አካዲያውያን የሚባሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቿ ቅድመ አያቶቻቸውን እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከርስታቸው ነቅለው በትነዋቸዋል። በዓላቸው ኦገስት 15፣ ካቶሊኮች ፍልሰታ ለማርያምን የሚያከብሩበት ቀን ነው። ካራኬት የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከ1963 ጀምሮ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች፤ በ1979 ቴንታማር የሚባለው ሰልፍ ተጨመረበት። ሕዝቡ ልክ 17፡55 ሲሆን ድስት፣ ክዳን፣ ፊሽካና ጥሩምባ ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ይወጣና ጆሮ እስኪደነቁር ያንኳኳል። ሰዓቱ የተመረጠው ለዓመተ ምሕረቱ ነው። እንግዲህ ለቋንቋው ህልውና የቆመው በዓል ዋናው ሥነ ሥርዓት ቃል የሌለበት ጫጫታ መሆኑ ነው፤ ፈረንሳይኛው የጠፋበት የተበተነ ዘመድም ከሉዊዚያና መጥቶ እኩል ሊያንኳኳ ይችላል።

እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ያሉት መዝገብ ግን ሁሉንም አይይዝም። በ2018 የኩቤክን የበጋ ፌስቲቫል በአብርሃም ሜዳ ላይ የከፈተው ዘ ዊኬንድ፣ በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ ነው። አፉን የፈታው በአማርኛ ነው፤ «ዘ ሂልስ» የተሰኘው ዘፈኑም የሚያልቀው በአማርኛ ቃላት ነው። የፌስቲቫል ቆጣሪ ግን ያለ ጥርጥር እንግሊዝኛ ብሎ ይመዘግበዋል።

የአገሩ ነባር ቋንቋዎችማ በመዝገቡ ላይ ዓምድ ተሰጥቷቸው አያውቅም። በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ማኒ ኡተናም በሚባለው የኢኑ ሕዝብ መንደር፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኢኑ ኒካሙ የሚባል ፌስቲቫል ይካሄዳል። ከጀማሪዎቹ አንዱ ፍሎራን ቮላን ነው፤ ከክሎድ ማኬንዚ ጋር ካሽቲን የተባለውን ቡድን መሥርቶ በ1989 በኢኑ ቋንቋ የወጣው አልበማቸው ከሁለቱም የመንግሥት ቋንቋዎች ውጭ የተዘፈነ ሆኖ ሳለ በኩቤክ ሬዲዮ ተደመጠ። ፌስቲቫሉ የሚደረገው የኢኑ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ፈረንሳይኛ ይማሩበት የነበረ አዳሪ ትምህርት ቤት በቆመበት ቦታ ላይ ነው። ኩቤክ ፈረንሳይኛን ከእንግሊዝኛ ለመከላከል የደረደረችው ክርክር እዚህ ሲደርስ በራሷ ላይ ይመለሳል፤ የቋንቋ ፖሊሲ ጥናቶችም ፌስቲቫሎችን ከሁለቱ የመንግሥት ቋንቋዎች አንጻር ብቻ መመዘናቸውን እስካልተዉ ድረስ ይህን ክርክር ሊያዩት አይችሉም።