የጦማር ቤት በማን መሬት?

«ጦማር» ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም። ከግሪክ ወደ ግእዝ ገብቶ የኖረ፣ ደብዳቤንና መጽሐፍን የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስም ከሚታወቁት ድርሰቶች አንዱ «ጦማረ ትስብእት» ይባላል። ፈረንጆች «ብሎግ» ያሉት ነገር ወደ አገራችን ሲመጣ የእኛ ሰዎች ይህን ቃል ከብራናው ላይ አነሡለት፤ ጸሐፊው ጦማሪ፣ ሥራውም ጡመራ ተባለ።

ቃሉን ስንወርስ ግን ከቃሉ ጋር የኖረውን ልማድ አብረን የወረስን አይመስለኝም። ልማዱ መገልበጥ ነው። አባቶች አንድን ድርሰት በአንድ ደብር ብቻ አስቀምጠው እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፣ በሌላ ስፍራ ቅጂ የነበራቸው ድርሰቶች ለእኛ ደረሱ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣም መጀመሪያ ማተሚያ አልነበረውም። ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ በእጅ እያስገለበጠ 24 ያህል ቅጂ ያሠራጭ ነበር። ጀማሪ ማለት ያ ነው፤ መሣሪያ እስኪሟላለት አልጠበቀም።

ዛሬ አዲስ ጦማር ሊከፍት የሚያስብ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ገጹ ቀለምና ስለ ፊደሉ ውበት ነው። ታሪካችንን ሳገላብጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። ቤቱ የሚሠራው በማን መሬት ላይ ነው?

ጦማር ሁለት ነገር ይሻል፤ ስምና ማደሪያ። ስሙ አንባቢ ደጁን የሚያገኝበት አድራሻ ነው። ማደሪያው ጽሑፉ የሚቀመጥበት፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ሰርቨር ይባላል። ይህ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ባሕር ማዶ የሚገኝ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ብሎገር የተባለው አገልግሎት በ1999 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ በ2003 ጉግል ገዛው፤ ወርድፕረስም በዚያው ዓመት ተወለደ። ሁለቱም ለጀማሪ ያለ ክፍያ ማደሪያ ሰጥተዋል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። በነጻ ያደረ እንግዳ ግን የቤቱ ጌታ አይደለም። ጂኦሲቲስ የተባለው ዝነኛ የነጻ ማደሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ቅጂ ያላስቀረ ሰው ጽሑፉን ከነቤቱ ለማጣት ተዳርጓል።

የእኛ ጸሐፍት ከዚህም በፊት ሌላ ደጅ መክፈት ነበረባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር «ሰላም» ተብሎ የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ጸሐፊና አንባቢ አንድ ዓይነት የፊደል ቅርጽ ካልጫኑ በቀር አይገናኙም። ዩኒኮድ ያንን ግድግዳ ሲያፈርሰው በአማርኛ መጦመር ለማንኛውም ጀማሪ የሚቻል ሆነ።

የማደሪያን ነገር በቅርብ ለማየት ከአምቦ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። አምቦ ጀማሪ ጸሐፊን ቀድሞም ታውቃለች። በአቅራቢያዋ በቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በልጅነቱ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ በከተማይቱ ትምህርት ቤት ለመድረክ አብቅቷል። የመጀመሪያ ማደሪያው የተማሪ ቤት መድረክ ነበር። ኋላ ወደ ታላላቆቹ ቴአትር ቤቶች ሲዘልቅ ግን መድረኩ ባለቤት እንዳለው አየ፤ ከሥራዎቹ በሳንሱር የታገዱ ነበሩ።

ከጸጋዬ ልጅነት ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምር የነበረው ዘላለም ክብረት ከጓደኞቹ ጋር ዞን ዘጠኝ የተባለውን ጦማር ጀመረ። ዘመኑ 2004 ዓ.ም. ነው። ስሙ የመጣው ከቃሊቲ ወኅኒ ቤት ነው፤ ወኅኒው ስምንት ዞኖች ነበሩትና ከአጥሩ ውጭ ያለችው አገር ዘጠነኛይቱ ናት ለማለት ነው። መርሓቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር።

መሬቱ የማን እንደሆነ የታየው ወዲያው ነው። ቀድሞም በግንቦት 1998 ዓ.ም. በብሎገር የሚያድሩ ጦማሮች በአገር ውስጥ እንዳይነበቡ ተዘግተው ነበር። ዞን ዘጠኝም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ፤ እነሱም ሌላ አድራሻ ከፈቱ፤ እሱም ተዘጋ፤ ሌላ ከፈቱ። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. መታሰር ተጀመረ፤ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። በክሱ ላይ ጽሑፍንና የመልእክት ልውውጥን ከሰላይ የመጠበቅን ጥበብ መማር ጭምር እንደ ወንጀል ተቈጠረ። በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም አምቦ ላይ ተማሪዎች ወጥተው የሰው ሕይወት ጠፋ። መምህሩ በእስር ላይ፣ ከተማው በሐዘን ላይ ነበሩ። ዘላለም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ተፈታ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች መከፈታቸው ተነገረ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲገደል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ያን ጊዜ የተዘጋው አንድ ቤት ሳይሆን መንገዱ ሁሉ ነው። የትውልድ ከተማው ሲቀብረው በዓይኑ ያየ ሰው በዕለቱ ጽፎ በጦማሩ ሊያኖር አይችልም ነበር። በደብተሩ የጻፈ ካለ ግን የዚያን ቀን ታሪክ ይዟል።

ስለዚህ በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በባኮ ተቀምጠህ ጦማር ልትከፍት የምታስብ ወንድሜ፣ የምታስቢም እኅቴ፣ ምክሬ አጭር ናት። በነጻው ማደሪያ ጀምሩ፤ ገንዘብ እስኪገኝ አትጠብቁ። ስታገኙ ግን የራሳችሁን ስም ግዙ፤ ስሙ የእናንተ ከሆነ ማደሪያ ብትለውጡም አንባቢ ደጃችሁን አያጣም። በአማርኛ ብትጽፉ በዩኒኮድ ፊደል፣ በኦሮምኛ ብትጽፉ በቁቤ ጻፉ፤ የምዕራብ ሸዋ ኑሮ በሁለቱም ልሳን ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ ቀኑንና ስፍራውን አኑሩ። ብሎገርም ሆነ ወርድፕረስ የጦማራችሁን ሙሉ ቅጂ አውርዳችሁ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ፤ ወር በገባ ቁጥር አውርዱ። አንዱን ቅጂ በቤታችሁ፣ ሌላውን በሌላ ከተማ ባለ ወዳጅ ዘንድ አኑሩ። የወደዳችሁትን ደግሞ በወረቀት አትሙት።

ይህ ሁሉ ለጥቂት ገጽ ጽሑፍ የበዛ ጥንቃቄ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአምቦና የአካባቢዋ ያለፉት ዓመታት ታሪክ በአብዛኛው በሩቅ ሰዎች ዘገባ ነው የተጻፈው። የሟች ስም፣ የመንደር ስም፣ የገበያው ወሬ፣ የእናት ልቅሶ በቅርብ ሰው ካልተጻፈ ማንም አይጽፈውም። ተጽፎም በአንድ ማደሪያ ብቻ ካደረ፣ ባለ መሬቱ በሩን በዘጋ ዕለት እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዛሬ የምናነባቸው ስማቸው እንኳ ያልደረሰን ገልባጮች ስለደከሙ ነው። ጦማሪ ስሙን ከጦማር እስከ ወሰደ ድረስ፣ የገልባጩንም ድካም አብሮ ይውሰድ።

ቸር ይግጠመን።