የጦር ኪዳንና የገበሬው ስንቅ፦ ዳንግላና እንጅባራ በ1933 ዓ.ም.

በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር አፈገፈገ፤ እንጅባራም ብዙ ሳትቆይ ነፃ ወጣች። በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ያን ሰሞን ከበላያ ተራራ ወደ ደጋው እየወጣ ስለነበር ድሉ በብዙ ጽሑፎች የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የጦር ትብብር ፍሬ ተብሎ ይተረካል። ትብብሩ አይካድም። የቆመበትን መሠረት ስንመረምር ግን ሌላ ፍርድ ላይ እንደርሳለን። የውጭ ወዳጅ የሚመጣው ጥቅሙ ሲገጥምለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የረዥሙ ጦርነት ሸክም የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ይሆናል። የእሱ መሥዋዕትነት ደግሞ በጊዜው በድርድር ካልታሰረ ሜዳ ላይ ይቀራል።

እንግሊዝ ለዳንግላ እንግዳ አልነበረችም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በከተማይቱ ቆንስላ ነበራት፤ ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማንም የጣናንና የዓባይን አካባቢ ዞሮ አጥንቶ መጽሐፍ አሳትሟል። ዓይኗ ውሃው ላይ ነበር፤ በ1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የተዋዋለችውም የዓባይ ፍሰት እንዳይታገድባት ነው። እንግሊዝ ግን፣ ዳንግላ የምትገኝበት ጎጃም በእሳት እየነደደ ሳለ፣ በሚያዝያ 1930 ከሮም ጋር ተስማማች፤ በኅዳር 1931ም የጣሊያንን ይዞታ በኢትዮጵያ ላይ በይፋ ዕውቅና ሰጠች። ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ሲያውጅባት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በነሐሴ፣ በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ የጦር ተልዕኮ 101 ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ገባ። አርበኛው አራት ዓመት ሙሉ ሲጮህ ያላገኘውን ወዳጅ የሮም አዋጅ በአንድ ክረምት አመጣለት።

ሳንድፎርድ ሲደርስ ያገኘው ጦርነት ቀድሞም የነበረ ጦርነት ነው። የጎደለው አንድነት ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም ጣሊያንን ይወጉ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተማመኑም። ከተልዕኮው ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ በ1933 መጀመሪያ እነዚህን ሁለት አለቆች አነጋግሮ ተባብረው እንዲዋጉ ማስማማት ሆነ። የስንቁ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። ከሱዳን ጭነት ይዘው የተነሡት ግመሎች የበላያን ገደልና የደጋውን ብርድ አልቻሉም፤ በሺዎች እየወደቁ በመንገድ ቀሩ። ዘመቻው ከዚያ ወዲያ ያለ አገሬው በቅሎ፣ ያለ አገሬው መንገድ መሪና እህል የሚራመድ አልነበረም። ለረዥም ጦርነት መዘጋጀት ሲባል ብዙዎቻችን ጥይት እንቆጥራለን። በገብስና በድንች ለሚያድር ደጋ ዋናው መለኪያ ግን የዘር እህሉና የእርሻ በሬው ነው። ዘሩ ከተበላ፣ በሬው ከታረደ፣ ጎልማሳው በሐምሌ ማሳው ላይ ካልተገኘ የሚቀጥለው ዓመት ረሃብ በዚያው ተወስኗል።

ድሉም ቢሆን ነፃነትን ሙሉ አላደረገም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ቢገቡም በጥር 1934 የተፈረመው ውል ለእንግሊዝ ሰፊ ሥልጣን ተወላት። ያ ሸክም የቀለለው በታኅሣሥ 1937 በተፈረመው ሁለተኛ ውል ነው፤ የኦጋዴን ጉዳይ እስከ 1947 ድረስ ሌላ ድርድር ጠይቋል። አጋር በጦር ሜዳ የሰጠውን በጠረጴዛ ሊወስድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ድርድር ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ጄኔቭስ ምን ፈየደ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 በዚያ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉት ንግግር ወረራውን አላቆመም። ነገር ግን የኢትዮጵያን የሕግ ሰውነት አቆይቷል፤ አሜሪካም ወረራውን በይፋ አልተቀበለችም። በ1934 እና በ1937 ኢትዮጵያ እንደ አገር ለመደራደር የበቃችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያለ ኃይል የሚደራደር ይናቃል የሚለውም እውነትነት አለው፤ መከላከያ የሌለው አገር ቃሉ አይሰማም። ነገር ግን ኃይል እያለ መነጋገር አንድ ነገር ነው፤ ኃይል እስኪያልቅ ጠብቆ መነጋገር ሌላ ነው። በጥቅምት 2013 የተጀመረው የትግራይ ጦርነት የተቋጨው ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ በድርድር ነው፤ በመካከሉ ያለቀውን ሕዝብ ግን የሚመልስ ፊርማ የለም።

የአማራ ክልልም፣ ዳንግላና እንጅባራ የሚገኙበትን አዊ ዞን ጨምሮ፣ በ2015 ክረምት በፈነዳው ግጭት ቆስሏል። መንግሥትም ሆነ ታጣቂዎች ከውጭ የሚመጣ ወዳጅን ወይም የሌላውን ወገን ድካም ተስፋ ማድረጋቸው የ1930ዎቹን ታሪክ መርሳት ነው። መንገሻንና ነጋሽን ያቀራረበው የማስማማት ሥራ የውጭ ተልዕኮ ቢያግዘውም በዚሁ በጎጃም ምድር፣ በራሳቸው በአለቆቹ ፈቃድ የተሠራ ነውና የግድ ከሌላ አገር የሚለመን ጥበብ አይደለም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የሕግ ምሁራን ይህን ልምድ መዝግበው ለአደራዳሪዎች ያቅርቡ፤ ተፋላሚዎቹም ገበሬው ዘር ሳይበላ፣ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት፣ ተኩስ አቁመው ይነጋገሩ።