ቤትና ጓሮ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች

በሐዲያና በከምባታ ምድር ቤት ማለት በግድግዳ ተከቦ በክዳን የተሸፈነው ሕንጻ ብቻ አይደለም፤ ከበስተጀርባው የቆመው እንሰት፥ ከፊቱ የተዘረጋው ሣርማ ደጅ፥ በውስጡም የሚያድሩት ከብቶች ሁሉ የቤቱ አካላት ናቸው። ስለዚህ የሆሳዕና፥ የዱራሜ፥ የሾኔና የአንጋጫ ከተሞች ታሪክ በአንድ ወገን ሲታይ፥ እነዚህ አካላት እርስ በርሳቸው የተለያዩበት ታሪክ ነው።

የቀድሞው የገጠር ቤት ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነው። ውስጡም ተከፍሎ በአንደኛው ወገን ሰው፥ በሌላው ወገን ከብት ያድርበታል። ይህ አኗኗር ለእንግዳ ተመልካች የድህነት ምልክት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የጸና ሥርዓት አለው። የከብቱ ፍግ ከቤት ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፤ እንሰቱም በፈንታው ለቤተ ሰቡ ቆጮ፥ ቡላና አሚቾ፥ ለገመድ ቃጫ፥ ለከብቱም በበጋ ቅጠል ይሰጣል። ቆጮው የሚብላላበት ጉድጓድ ሳይቀር ከዚያው ከጓሮው ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ፥ ከደረሰም በኋላ እስኪፈለግ በቁሙ የሚቆይ ተክል ስለ ሆነ፥ ጓሮው እንደ ጎተራ ያገለግላል። በከምባታ ደግሞ ቤት ሲሠራም ሆነ ሰው ሲሞት ጎረቤቱን የሚያሰባስበው «ሴራ» የሚባለው የመንደር ደንብ ነው።

ከተማ ወደዚህ አገር የገባው በሌላ መንገድ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አገሩን ካስገበረ በኋላ ሹማምንቱና ወታደሩ ሠፈሩበት። ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው ስፍራ ሆሳዕና የተባለው፥ የከምባታ ገዥ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ስለ ገቡበት ነው ተብሎ ይተረካል። የሠፈሩ ቤት የቆመው በገባሩ ጉልበት ነበር፤ የወታደሩም ጓዳ ይሞላ የነበረው ከራሱ ጓሮ ሳይሆን ከገባሩ ማሳ ነው። እንግዲህ ቤት ከጓሮ መለየቱ የጀመረው ከከተማው ምሥረታ ጋር መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ለነዋሪው ገበያን፥ ትምህርት ቤትንና ሕክምናን እያመጣ የጓሮውን ቦታ በከፊል ተካው። ክቡ ቤት በአራት ማዕዘን የጭቃ ቤት፥ ሣሩም በቆርቆሮ ተለወጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነ። አዋጁ ኪራይን በመቀነስ ለተከራዩ ዕፎይታ ሰጥቷል፤ ይሁን እንጂ ቤትን የለካው በመኖሪያነቱ እንጂ በመጋቢነቱ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ሲወጣ ደግሞ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ ስለሚያወጣ፥ ለእንሰት የሚተርፍ መሬት ውድ ሆነ።

ዛሬ ሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ሆስፒታሏም ከሐዲያ ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በሆነችው በንግሥት እሌኒ ስም ተሰይሟል። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ርዕሰ ከተማው ሆናለች። ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ልጆቿ የሚልኩት ገንዘብም ፎቆችን አቁሟል። የፎቁ ነዋሪ ግን አያቱ ከጓሮው ይቆርጠው የነበረውን ቆጮ ከገበያ ይገዛል፤ ዋጋው በናረ ጊዜም የሚመለስበት ተክል የለውም።

ከተማው ሲሰፋ የሚነሣው ባላገር የሚያጣውም ይህንኑ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሣ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሣ እንዲከፈል መደንገጉ፥ ቤት ከግድግዳው የሚሰፋ ነገር መሆኑን በሕግ ቋንቋ መቀበል ነው። የቀረው የከተማ ፕላን አውጪውም ይህንኑ እንዲቀበል ነው፤ ይኸውም ጓሮን ገና ሕንጻ ያላረፈበት ባዶ ቦታ አድርጎ ሳይሆን የቤቱ አንድ ክፍል አድርጎ እንዲለካው ነው።