«ሐይቅ» እና «ሃይቅ»፦ ብራውዘር በስም ሲጠየቅ

በ2001 ዓ.ም. ደሴ ላይ ለአንድ ድርጅት የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን፣ ቅጹ የሚታየው ግን በውስጡ በተሰካ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር መስኮት ነው። የየአካባቢው ድርሻ የተያዘው በገጹ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ነበር። ዝርዝሩ ሲታተም የአምባሰል ትክክል፣ የሐይቅ ግን ዜሮ ሆኖ ወጣ። የሐይቅ ገበሬዎች ተወካይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው መጡና «እኛን ማን ሰረዘን?» ሲሉ መልስ አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ ይጠቅም ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም የሚጠራቸውን ነገሮች ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ አለበት። ጃቫስክሪፕት ግን ንብረትን በሥራ ላይ እያለ ይፈጥራል፣ ያጠፋል። ማይክሮሶፍት ሁለቱን ያገናኘበት ድልድይ «አይዲስፓች» ይባላል። የሚገኘውም ከገጹ ዶክዩመንት «ስክሪፕት» ከተባለው ንብረት ነው።

አሠራሩ ሁለት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ «ጌት አይዲስ ኦፍ ኔምስ» ለተባለው ጥሪ ስም ይሰጡታል፤ ቁጥር ይመልሳል። ቀጥሎ በዚያ ቁጥር «ኢንቮክ»ን ጠርተው ንብረቱን ያነባሉ፣ ይለውጣሉ ወይም ፋንክሽኑን ያሠራሉ። እሴቱ የሚመላለሰው «ቫሪያንት» በተባለ መያዣ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጀማሪን ያሳስታሉ። አንደኛ፣ ለፋንክሽን የሚላኩ እሴቶች የሚደረደሩት ከኋላ ወደ ፊት ነው። ሁለተኛ፣ የጃቫስክሪፕት ድርድር እንደ ሲ ድርድር አይመጣም፤ ራሱ ሌላ አይዲስፓች ነው። ስለዚህ ርዝመቱን በ«ሌንግዝ»፣ አባላቱን ደግሞ «0»፣ «1» እያሉ በስም ይጠይቁታል።

እኔን የጣለኝ ግን ስሙ ራሱ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ የንብረት ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል። ገጹን የሠራው ባልደረባዬ «ሐይቅ» ብሎ ጽፏል፤ መዝጋቢዋ «ሃይቅ» ብላለች። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «ሐ» 1210፣ «ሃ» 1203 ነው። ድልድዩ «የማይታወቅ ስም» የሚል የስህተት ቁጥር መልሶልኝ ነበር። እኔ መልሱን ሳላይ አለፍኩ፤ ባዶው መያዣም ዜሮ ሆኖ ታተመ። «አምባሰል»ን ያተረፈው ሁለቱም «ሰ»ን በእሳቱ «ሰ» መጻፋቸው ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ አካባቢ መለያ ቁጥር ሰጠን፤ ስሙ ለዓይን ብቻ ሆነ። የእያንዳንዱን ጥሪ መልስ የሚፈትሽ፣ ስህተት ካለም ኅትመቱን የሚያቆም መስመር ጨመርኩ። የሐይቅ ድርሻ በሁለተኛው ዙር ወጣ።

የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ፕሮግራም ድጋፍ ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. አብቅቷል። በተተኪው «ዌብቪው 2» የራስን ነገር ለገጹ ስክሪፕት ማቅረብ አሁንም በአይዲስፓች ነው። ወደ ገጹ ሲሄዱ ግን ስክሪፕቱን በጽሑፍ ልከው መልሱን በጄሰን ጽሑፍ ይቀበላሉ። መንገዱ ቢለወጥም ስም የሚፈለገው ያው ፊደል በፊደል ነው። ስለዚህ የሰው ድርሻ በስም አጻጻፍ ላይ አይንጠልጠል።