የሉቨን ሁለት ሊቃውንት

ከብራስልስ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው ሉቨን፣ በ1425 በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስሟ የተጠራ ከተማ ብትሆንም፣ እኔ ዘወትር የማስታውሳት በነርቭ ልባስ ላይ የሚበቅለውን ዕጢ ለማወቅ መንገድ የጠረጉልን ሁለት ሊቃውንት፣ በመካከላቸው አንድ ምእት ዓመት ያህል ቢኖርም፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩባት በመሆኗ ነው።

ቀዳሚው ቴዎዶር ሽቫን በ1836 በበርሊን ሳለ ጨጓራ ሥጋን የሚፈጭበትን ፔፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር ያገኘ፣ በ1839 ደግሞ እንስሳት ሁሉ ከሕዋሳት የታነጹ መሆናቸውን ገልጦ የጻፈና በዚያው ዓመት ወደ ሉቨን ተጠርቶ የሄደ ሊቅ ሲሆን፣ ነርቭን እንደ መጐናጸፊያ የሚጠቀልሉት ሕዋሳት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ከእርሱ በኋላ ፍሪድሪኽ ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1882 በስትራስቡርግ፣ በሕሙማን ቆዳ ላይ የሚፈሉት እብጠቶች ከነርቭ የሚበቅሉ መሆናቸውን አስረዳ፤ ሆሴ ቬሮካይም በ1910 በፕራግ ዕጢው ከልባሱ ሕዋሳት ወገን እንደሚወለድ ጻፈ።

ሁለተኛው የሉቨን ሊቅ ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1949 የኢንሱሊንን ነገር ለመመርመር የአይጥ ጉበት እየፈጨ ሳለ፣ አንዱ ኢንዛይም ከሚጠበቅበት ሥራ ጥቂቱን ብቻ ቢያሳየው፣ ፍጩን በማቀዝቀዣ አኑሮ ከአምስት ቀን በኋላ ሲለካው ኃይሉ በርትቶ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን የልኬት ስሕተት ነው ብሎ በደፋው ነበር፤ እርሱ ግን ኢንዛይሙ በስስ ከረጢት ተዘግቶ እንደ ነበረና ከረጢቱ ሲላላ እንደ ወጣ አስተዋለ። ይህንንም ከረጢት በ1955 ላይሶዞም አለው፤ ሕዋስ የገዛ አካሉን እያፈረሰ ወደዚሁ ከረጢት የሚያገባበትን ሥርዐት ደግሞ በ1963 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ ቃሉን ከጽርእ ወስዶ፣ ኦቶፋጂ፣ ይኸውም ራስን መብላት፣ ብሎ ሰየመው። ሽቫን በጨጓራ ያገኘው መፍጨት እነሆ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ተገኘ፤ ይህን መገጣጠም ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ይደነቃል።

ነርቭ ሲቈረጥ የሽቫን ሕዋስ የፈረሰውን ልባስ በዚሁ ሥርዐት እየበላ ለሚያቈጠቍጠው ነርቭ ስፍራ ያበጃል። ዕጢው ወደ ካንሰር በተለወጠ ጊዜ ግን ያው ሥርዐት ለጠላት ስንቅ ይሆናል፤ በ2011 የታተመ አንድ ምርመራ እንዳሳየው፣ መድኃኒት ያልበገራቸው የዕጢው ሕዋሳት ራሳቸውን እየበሉ ይሰነብቱ ነበርና፣ ይህ መንገድ ሲዘጋባቸው ሞቱ። ለመዝጊያ ከተሞከሩት አንዱ ክሎሮኪን፣ በቈላ አገራችን ለወባ ስንውጠው የኖርነው መራራ ክኒን ነው፤ ኃይሉም ደ ዱቭ ባገኘው ከረጢት ውስጥ ተከማችቶ መፍጨቱን ማወክ ነው።