ከአንገት ክታብ እስከ እጅ ሰዓት፦ በገላችን ላይ የተጻፈው የማን ነው?

በዚህ ገጽ ዘወትር ስለ መንግሥትና ስለ ሥልጣን ስጽፍ የቆየሁ ሰው ዛሬ ስለ እጅ ሰዓት ለመጻፍ መነሣቴ ሊያስገርማችሁ ይችላል። በምኖርባት በዓይናለም፣ የመቐለ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያና የውኃ ጉድጓዶች በሚገኙበት አካባቢ፣ ማለዳ ከሚሮጡት ወጣቶች መካከል የልብ ምቱን፣ እንቅልፉንና “ጭንቀቱን” የሚቆጥር ሰዓት ያሰረ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎች ይህን የዘመኑ ፍጹም አዲስ ነገር አድርገው ያዩታል። ስለ ጤና ሲሉ አንድ ነገር በገላ ላይ ማሰር ግን በአገራችን ረዥም ታሪክ አለው፤ ያ ታሪክም ፖለቲካ አለበት።

በደጋው የአገራችን ክፍል፣ በትግራይም በአማራም፣ ሕመምተኛ ወደ ደብተራ ሲሄድ የብራና ጥቅልል ይጻፍለት ነበር (ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም)። ሥርዓቱ ሲጠበቅ የብራናው ርዝመት የባለቤቱን ቁመት ያህል ይሆናል፤ ከራስ እስከ እግር ያለው አካል ሁሉ እንዲጠበቅ። ጽሑፉ በግእዝ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም ነው፤ በመካከሉ ዓይናቸው የጎላ ሥዕሎች ይገባሉ። የሚከላከላቸውን ደዌዎችና መናፍስት በስም እየጠራ ይዘረዝራል፦ ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ዓይነ ጥላ፣ ሾተላይ፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት። እኛ ዛሬ የአእምሮና የአካል ብለን የምንከፍለውን ሕመም ክታቡ አይከፍለውም። በየጸሎቱ መካከልም የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም በቦታው ይገባል።

ክታብ ይፈውሳል ወይስ አይፈውስም የሚለውን ክርክር ለሐኪሞችና ለካህናት ልተወው። የታሪክ ሰው ዓይን የሚያርፈው በሌላ ነገር ላይ ነው። ይህ ጥቅልል የአንድን ሰው ስም፣ የሚፈራውን ደዌ፣ አንዳንዴም የመውለድ ችግሩን በአንድነት የያዘ ሰነድ ነው። በዛሬ ቋንቋ የግል የጤና መረጃ እንለዋለን። በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠለውም ሌላ ሰው እንዳያነበው ጭምር ነው።

እንግዲህ ይህ ሰነድ ምን ደረሰበት? በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን በብዛት ወደ አውሮፓ ተጋዘ። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ለወራት ተቀምጦ ብራናዎችንና ክታቦችን ሰበሰበ፤ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንንም የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ፓሪስ አደረሰ። የጉዞው የብራና ክምችት ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሌሎች ክታቦች በለንደንና በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በተዘጋጁላቸው የጥናት መዘርዝሮችም እገሊት የምትባል ሴት ከሾተላይ ለመጠበቅ ያጻፈችው ተብሎ ስሟና ችግሯ በሕትመት ይነበባል። ሽያጩ በፈቃድ ነበር የሚል ይኖራል፤ አንዳንዱ በእርግጥ በፈቃድ ነበር። የሸጠው ሰው ግን ስሙንና ደዌውን አብሮ መሸጡን ያወቀ አይመስለኝም።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ክታቡ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ነበር፤ ሰዓቱ የሚለካን ግን በማን ልክ ነው? ብዙዎች እንደ ሃይማኖት የያዙትን የ10,000 እርምጃ ግብ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ በጃፓን የስፖርት ስሜት ተቀስቅሶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ያማሳ የተባለ ኩባንያ በወገብ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙም “ማንፖ ኬ”፣ ማለትም የ10,000 እርምጃ መለኪያ፣ ነበር። ቁጥሩ ለንግድ ስም የተመረጠ እንጂ ከምርምር የተገኘ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 በ16,741 በዕድሜ የገፉ አሜሪካውያት ላይ የታተመው ጥናት ጥቅሙ ከ4,400 እርምጃ ጀምሮ እንደሚታይ፣ በ7,500 ገደማም ጭማሪው እንደሚቆም አሳይቷል።

የኦክስጅኑ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን ለክተው ያገኙትን አሳተሙ። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆነ፤ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ከአንዲስም ከቲቤትም ደገኞች የተለየ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቅነው ሰው ተራራ ወጥቶ፣ እያንዳንዱን ሰው በአካል አግኝቶ ስለለካ ነው። በአንጻሩ በኅዳር–ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ገደማ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት፣ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደህና ነው ካላቸው ጥቁር ሕመምተኞች 11.7 በመቶው በደም ምርመራ ኦክስጅናቸው በአደገኛ ሁኔታ ዝቅ ብሎ መገኘቱን ገለጸ፤ በነጮቹ 3.6 በመቶ ብቻ ነበር። የሰዓታችን መለኪያም የሚሠራው ያንኑ ብርሃን በቆዳ በማሳለፍ ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ በምትገኘው መቐለ የሚኖር ጠይም ሰው በእጁ ላይ ያለውን ቁጥር ሲያነብ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

ያ ጥናት በወጣበት ወቅት በትግራይ ጦርነት ነበር። ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ባንክና መብራት ተቋርጠዋል፤ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ የደረሰው መቋረጥም የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከተፈረመና ከዚያም በኋላ እስከ ጥቂት ጊዜ ቆየ። የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች የኢንሱሊንና የሌሎች መድኃኒቶች እጥረት ሕይወት እየቀጠፈ መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። በክንድ ላይ ተለጥፎ የስኳርን መጠን የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ ታዋቂው ዓይነት ሁለት ሳምንት ገደማ ያገለግልና በሌላ ይተካል። በዚያን ጊዜ መቐለ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የስኳሩን መውጣት በትክክል ይነግረን ነበር፤ ኢንሱሊኑን ግን ከየት? “ጭንቀት” የሚለውን ቁጥርም ሰዓቱ የሚያወጣው ከልብ ምት ልዩነት ነው፤ ልጁን የቀበረና ፈተና ያለበት ተማሪ በእርሱ ዘንድ አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ ልምጣ። ጉግል ፊትቢት የተባለውን የሰዓት ኩባንያ በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ግዢው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ግዢውን ሲፈቅድ አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖረ፤ ጉግል የአውሮፓ ተጠቃሚዎችን የጤና መረጃ ለአሥር ዓመት ለማስታወቂያ እንዳይጠቀም፣ ጊዜውንም ኮሚሽኑ ሊያራዝመው እንዲችል። ቃሉ የተገባው ለአውሮፓ ኢኮኖሚያዊ ቀጣና ነዋሪዎች ነው። ያንኑ ሰዓት ዓይናለም ላይ ያሰረ ሰው በዚያ ቃል ውስጥ የለም።

አገራችን በበኩሏ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል፤ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍ መረጃም ግዴታዎችን ይደነግጋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በወረቀት ደረጃ መልካም ሕግ ነው እላለሁ። ይሁንና ገዢው ሰዓቱን ከስልኩ ጋር ሲያገናኝ ያላነበበውን ረዥም ውል “እስማማለሁ” ብሎ ያልፋል፤ መረጃውም በዚያች ቅጽበት ባሕር ይሻገራል። ባለሥልጣኑ ከአስመጪዎችና ከአምራቾች ሊጠይቀው የሚገባው ከባድ ነገር አይደለም። የልብ ምቱና የእንቅልፉ መዝገብ የት አገር እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ስሙ እንዴት እንደሚፋቅለት በትግርኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና ገዢው በሚያነበው በሌላም ቋንቋ ተጽፎ ከሣጥኑ ጋር ይሰጥ።