የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ግቦችና የመማር ውጤቶች

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተማሪዎች በታቀደ እንቅስቃሴ አካላቸውን የሚያጎለብቱበት፣ ጤናቸውን መጠበቅና ከሌሎች ጋር ተባብሮ መጫወት የሚለምዱበት የትምህርት ዓይነት ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲን ተከትሎ በኢትዮጵያ በታችኞቹ ክፍሎች ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር ተጣምሮ፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ራሱን ችሎ ሲሰጥ ቆይቷል።

ግቦቹ በእውቀት፣ በክህሎትና በአመለካከት ይከፈላሉ። ግብ ለዓመታት የሚታለም ሲሆን የመማር ውጤት ደግሞ መምህሩ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያየው ነው። «ስፖርት ይወዳል» ምኞት ነው፤ «በሁለት ክንዱ የተቀበለውን መረብ ኳስ ለጓደኛው ያደርሳል» ግን ይታያል፣ ይለካልም። ኳስ ሰጥቶ ዞር የሚል መምህር ከሁለቱ አንዱንም አያገኝም።

በጅማና በዙሪያዋ፣ ከቦሳ አዲስ ከተማ ቀበሌ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት፣ የትምህርቱ ግብ ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። ቡና ሲደርስ ልጆችም ለቀማ ይወጣሉ፤ «ሲሠራ የሚውል ልጅ ስፖርት ምን ይፈይድለታል?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ለቀማ ግን ክንድና ጣትን ቢያሠራም መተጣጠፍን፣ ሚዛን መጠበቅንና የትንፋሽ ብርታትን በሥርዓት አያዳብርም፤ የቡና ጆንያ ሸክምም ጀርባን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጉልበትን አጥፎ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ ጆንያውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሳት በዚህ አካባቢ ከመማር ውጤቶች አንዱ ሊሆን ይገባዋል። መስከረም ላይ ሜዳው ገና ጭቃ ስለሆነም መተጣጠፍንና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታን በረንዳ ላይ ማስቀደም ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይህን አይሞላም፤ ከሁሉም የሚበልጠው ውጤት ተማሪው ከትምህርት ቤት ውጭም በራሱ መንቀሳቀሱ ነው።

በአርሲ በቆጂ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፣ በኋላም ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ትምህርቱ ይህን ያህል ፍሬ ሊያፈራ ይችላል፤ የክፍል ምዘና ግን በፈጣኖቹ አይለካም። ከሁሉም ኋላ የምትጨርስ ተማሪ የጥቅምት ሰዓቷ ተመዝግቦ በሰኔ ከራሷ ጋር ስትነጻጸር ብቻ ምን እንደተማረች ይታወቃል።